ጉደሌ የት ይበላል?

የጎረቤቴ ልጅ ሔለን ጁባ ሥራ አግኝታለች። ባለፈው እሑድ ልትሰናበተኝ መጥታ ቤት የተከራዩላት ጉደሌ መሆኑን ነገረችኝ። ጉደሌ ከከተማው ዳር ያለ ሰፊ ሰፈር ነው። እኔ እዚያ ከሁለት ዓመት በላይ መሥራቴን ስለምታውቅ፣ «እትዬ አስካለ፣ እዚያ የት ይበላል?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ተቀጥሬ የነበረው ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ጽፌ እሰጥሻለሁ አልኳት። ይኸው ጻፍኩ፤ ከጠየቀችው በላይ ረዘመ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ። ሽንኩርትና ዘይት እየመዘንኩ መጻፍ ነበር ሥራዬ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ አቶ በየነ ይባላሉ። ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ነጭ ኮፍያቸውን ራሳቸው ይተኩሳሉ። እጄ ጽሑፍ ላይ ፈጣን መሆኑን ሲያዩ፣ ከውጭ ምግብ የሚያቀርቡልንን ቤቶች ለማየት ሲሄዱ ይዘውኝ መሄድ ጀመሩ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከእሳቸው ኋላ ቆሜ ነው።

አቶ በየነ በፊት በር አይገቡም። ዞረው በጓሮ ይገባሉ። ምግብ ከመቅመሳቸው በፊት በብርጭቆ ውኃ ይጠይቃሉ። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች ትምህርት። ወሬው ሲያልቅ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ታቹን ያያሉ፤ ከዚያ ያሸቱታል። «ንጹሕ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም፤ አይደለም የሚል ሰው የለማ። «ይህን ውኃ ማን አመጣው? መቼ?» ነው የሚሉት። የሚጠይቁትም አብሳዩን ሳይሆን ዕቃ አጣቢውን ነው። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አብሳዩ ወጡን ነው የሚያየው» አሉኝ። «አጣቢዋ ግን እጇ ቀኑን ሙሉ ውኃው ውስጥ ነው።»

ከሆቴሉ በኋላ የመንገድ ሥራ ድርጅት ቀጠረኝ። ግምቢ አራት ዓመት፣ ሚሌ ስድስት ዓመት የካምፕ ምግብ ኃላፊ ሆንኩ። ሚሌ እያለሁ በሙቀት የተበላሸ ሥጋ የጫነ መኪና ከበር ብመልስ፣ የካምፑ አለቃ ሠራተኛ ፊት ሰደበኝ። በሦስተኛው ቀን ያ ሥጋ የሄደበት ሌላ ካምፕ በሙሉ ታመመ። አለቃው ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን ቃሌን የሚቃወም አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ብዙ ዓመት ሳይሳሳቱ መኖር ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለማሳየት ነው።

ጁባ የሄድኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። አገሩ ነጻ ከወጣ ገና ወራት ነበር። በየቦታው ይገነባል። ሚሌ አብሮኝ የሠራ ኢንጂነር ሰሎሞን የሚባል ሰው እዚያ የአንድ የሕንጻ ተቋራጭ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ነበርና ደውሎ አስጠራኝ። ለሠራተኞቹ ወጥ ቤት እንዳደራጅለት ነበር ሐሳቡ። የወጥ ቤቱ ዕቃ የተጫነበት ኮንቴይነር የዑጋንዳ ድንበር ኒሙሌ ላይ ቆመ፤ አንድ ወረቀት ጎደለ ተባለ፣ ወረቀቱ ሲሟላ ሌላ ጎደለ። ሠላሳ ያህል የብየዳ፣ የግንባታና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጉደሌ በተከራየነው ግቢ ውስጥ ያድራሉ፤ ምድጃ ግን የለም። ስለዚህ ሥራዬ ተለወጠ። በአካባቢው ካሉ ምግብ ቤቶች ሰው የማይታመምባቸውን መርጬ በዝርዝር እንዳወጣ፣ በየሁለት ሳምንቱም ዞሬ እንዳይ ተደረገ። ዝርዝሩ ግቢው በር ላይ ይለጠፋል። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ቤት መብላት ክልክል ነው። ሠራተኞቹ «የማዘር ዝርዝር» ይሉታል።

ያን ጊዜ ጉደሌ አስፋልት የለውም። በበጋ አቧራው ወጥ ላይ ይወርዳል፤ በክረምት ቦዳቦዳው፣ ሰው የሚያመላልሰው ሞተር ብስክሌት፣ ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ሰው ያወርዳል። ቧንቧ የለም። ውኃ ከወንዙ በቦቴ መኪና ይመጣና በየቤቱ በርሜልና ሮቶ ይገለበጣል። ቦቴው ክሎሪን ከሚጨመርበት ጣቢያ የቀዳ ከሆነ ውኃው ይሸታል፤ ሽታው ጥሩ ምልክት ነው። የማይሸት ከሆነ ሰልፉን ሸሽቶ ከወንዙ ዳር በቀጥታ ቀድቷል ማለት ነው። በደብተሬ ለእያንዳንዱ ቤት አራት መስመር ነበረኝ፦ ውኃው ከየት፣ ሥጋው የት ያድራል፣ ዕቃው በስንት ሳፋ ይታጠባል፣ ሽንት ቤቱ ከወጥ ቤቱ ስንት እርምጃ ነው። እርምጃውን ራሴ እቆጥረዋለሁ።

ዝርዝሩ ላይ የቆዩት ሦስት ቤቶች ናቸው። አንዱ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ያለው የአደም ፉል ቤት ነበር። አደም ከዳርፉር የመጣ ሰው ነው፤ ባቄላውን በትልቅ ድስት ሲያፈላ ያሳድረዋል፤ በሰሊጥ ዘይት ለውሶ ያቀርበዋል። ከላይ የሚነሰንሰውን ጥሬ ሽንኩርት ብቻ ከለከልኩ። ሁለተኛው የማማ ግሬስ ቤት ነው። ዑጋንዳዊት ናት፤ ባቄላና የበቆሎ ገንፎ፣ አንዳንዴም ቅቅል ሙዝ ትሠራለች። መክተፊያዋን በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የፈላ ውኃ ስትደፋበት አይቻለሁ፤ ማንም ሳይነግራት። የእኛ ሰዎች ግን ምግቧን አይወዱትም፤ «ማዘር፣ የታመመ ሰው ምግብ አታብዢብን» ይላሉ።

ሦስተኛው የወይዘሮ የሺ ቤት ነው። የሺ ከደሴ የመጣች፣ ከእኔ አሥር ዓመት የምታንስ ሴት ናት። በቆርቆሮ የተሠራ አዳራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ የማትሠራ ቴሌቪዥን። ምንቸት አብሿ ከሙኑኪ ሰፈር ድረስ ሰው ያመጣል። እሑድ እሑድ የባንክና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች በመኪና ይመጡ ነበር። ጉደሌ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ የሺ ሞያ አላት። እኔም እል ነበር። ቋንቋችንን የሚሰማ ሰው ብዙ በሌለበት ሰፈር፣ ሞያ ያላት ሴት ማግኘት ዘመድ እንደማግኘት ነው።

ከሰዎቻችን መካከል ዳንኤል የሚባል ብየዳ ሠራተኛ ነበር። የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ጴንጤ ነው። ከመብላቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ይጸልያል። ጓደኞቹ እሱ ዓይኑን እስኪገልጥ ከሳህኑ ሥጋውን ያነሱበታል። «ዳኒ፣ ጌታ ሰምቶሃል፣ ብላ» ይሉታል። እሱም ሳህኑን አይቶ፣ «ለእናንተም ጸልዬላችኋለሁ፣ ሥጋ እየሰረቃችሁም ቢሆን» ይላል። በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ ይዞ ጓሮ ያደርሳል። ሌላ እንዲህ የሚያደርግ አልነበረም።

ጓሮ ዕቃ የምታጥበው ኛኮንግ ነበረች። ኑዌር ናት፤ ጦርነቱን ሸሽተው ጋምቤላ ካደጉና ሰላም ሲሆን ከተመለሱት አንዷ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አማርኛ ጥሩ አድርጋ ትናገራለች፤ ቃሉ ሲጠፋት የጁባ ዐረብኛ ትጨምርበታለች። ለትልቅም ለትንሽም «አንቺ» ነው የምትለው። በቋንቋዋ አንቱ የሚባል ነገር እንደሌለ በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ ድፍረት መሰለኝ፤ ደስ አይለኝም ነበር። የአቶ በየነን ትምህርት ረስቼ አይደለም። ውኃውን ማን እንዳመጣ እሷን መጠየቅ ነበረብኝ። አንቺ እንድትለኝ ስላልፈለግኩ የሺን እጠይቅ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት ነዳጅ ጠፋ። በየማደያው ሰልፍ ሆነ። ጭቃውም በዝቶ ቦቴዎቹ ወደ ላይኛው ጉደሌ መውጣት ተዉ። ይህን አውቅ ነበር። ግቢያችን ውኃ ሲያጥረን ያየሁት ራሴ ነኝ። ረቡዕ ቀን ለዙር ወጥቼ አደም ጋ የውኃውን ነገር ጠየቅኩ፤ ማማ ግሬስ ጋ በርሜሉን ከፍቼ አየሁ። የሺ ጋ ስደርስ ዝናብ ጀመረ። በጓሮ ልዞር ስል ጭቃው አስፈራኝ፤ እሷም ከበሩ ላይ ጠራችኝ። በፊት በር ገባሁ። ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ፤ ውኃ ስጠይቅ የታሸገ ፕላስቲክ ከፈተችልኝ። «ለእርስዎማ የበርሜል ውኃ አላቀርብም» አለች። እንደ አክብሮት ቆጠርኩት። ምንቸት አብሹም መጣ። በደብተሬ ውኃ በሚለው መስመር፣ ያለፈውን ገልብጬ «ቦቴ» ብዬ ጻፍኩ።

በልቼ ስጨርስ ሳህኑን ልታነሳ የመጣችው ኛኮንግ ነች። የሺ ወጥ ቤት ነበረች። ኛኮንግ ጎንበስ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እማማ፣ አንቺ ለሰዎችሽ ንገሪ» አለችኝ። «የዚህ ቤት ሞያ ጥሩ አይደለም።»

አየኋት። «ስለ ሞያ አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አልኳት።

«እኔ ነኝ የማጥበው። አውቃለሁ።»

ዕቃ ማጠብንም ሞያ ብላ የቆጠረች መሰለኝና ሳቅኩባት። ሳህኑን ይዛ ሄደች።

የጁባን ኑሮ ለማያውቅ ላስረዳ። ሞያ በእኛ ቋንቋ የሴት የወጥ ቤት ችሎታ ነው። በጁባ ዐረብኛ ግን ሞያ ማለት ውኃ ነው። ቃሉን አላውቀውም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም። ከኪዮስክ ቀዝቃዛ ውኃ ስገዛ በየቀኑ «ሞያ ባሪድ» የምል ሰው ነኝ። ነገር ግን የሰማሁት በአማርኛ መካከል ነው። ከዚህም በላይ የተናገረችው አንቺ የምትለኝ ዕቃ አጣቢ ነበረች፤ ስለ የሺ መጥፎ ቃል ለመስማትም ዝግጁ አልነበርኩም።

በዚህ አላቆምኩም። ስወጣ ለየሺ እንደ ቀልድ ነገርኳት፤ ሠራተኛሽ ሞያሽን አጣጣለችው አልኳት። የሺ አልሳቀችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ጓሮ ሌላ ሴት ነበረች። ኛኮንግስ ስላት፣ ሞያዬን ላልወደደች ሴት ቦታ የለኝም ብዬ ሸኘኋት አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኩም።

በዚያው ሳምንት ሦስት ሠራተኞቻችንን አተኮሳቸው። ጁባ ውስጥ ሰው ሲያተኩሰው ወባ ነው ይባላል። የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው። ሁለቱ ሌላ መድኃኒት ተጨምሮላቸው ተነሱ። ዳንኤል ግን የጀመረው ሥራ እንዳይቋረጥ ብሎ መድኃኒቱን እየዋጠ ይበይድ ነበር። መብላት ተወ። ሲጸልይ ሥጋውን የሚያነሳበት ጠፋ፤ ሳህኑ ሳይነካ ይመለሳል። በስምንተኛው ቀን ሆዱ እንደ ሰሌዳ ደርቆ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ታይፎይድ ነው፣ አንጀቱን በስቶታል አሉ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሞተ። ልብሱን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። የብየዳ ጓንቱ ከአልጋው ሥር ነበር፤ ጥንድ ሆኖ ታጥፎ፣ ታጥቦ።

በሰፈሩ ክሊኒክ የሚሠራው ዑጋንዳዊ ሐኪም ግቢያችን መጥቶ የጠየቀኝ የት እንደሚበሉ አልነበረም። «ውኃ የሚጠጡት ከየት ነው?» ነው ያለኝ። ደብተሬን አውጥቼ ሦስቱም የሚበሉበትን የየሺን ቤት ገጽ አሳየሁት። ቦቴ ይላል። «እንሂድና እንየው» አለ።

የሺ ቤት በጓሮ ገባን። በርሜሉን ስከፍት ክሎሪን አልሸተተም። ከበርሜሉ አጠገብ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረው ነበር። ከጎረቤት ግቢ ውስጥ በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ የሚቀዱ ናቸው። ጉድጓዱ ድረስ ሄድን። ከሽንት ቤቱ እስከ ጉድጓዱ ዘጠኝ እርምጃ ቆጠርኩ። ቲማቲሙና ቃሪያው የሚታጠበው፣ በጆግ ለሰው የሚቀርበው ከዚያ ነበር።

የሺ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ቦቴው ካቆመ ስንት ጊዜው ነው አልኳት።

«ከወር በላይ» አለች። «ድሮ ገና ሳይቀመጡ ውኃው ከየት እንደመጣ ይጠይቁኝ ነበር። ያን ሰሞን አልጠየቁኝም እኮ፣ እትዬ።»

ከዚያ ስንመለስ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ውኃ በላስቲክ ትሸጣለች። «ሞያ፣ ሞያ» ትላለች። ቆምኩ። ሐኪሙ ደከመሽ ወይ አለኝ። አልደከመኝም አልኩት።

ለኢንጂነር ሰሎሞን ሁሉንም ነገርኩት፤ የኛኮንግንም ቃል። ለድርጅቱና ለዳንኤል ቤተሰብ የሚላክ ሪፖርት እየጻፈ ነበር። ይህም ይጻፍ፣ አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር ተብሎ ይጻፍ አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ቃል መሳሳት ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ምን ብዬ ልጻፈው?»

«እንደሆነው።»

«ሰዎቹ አይገባቸውም። እርስዎንም ይጎዳል፣ ለሟችም አይጠቅመውም» አለ። የክረምቱ ውኃ መበላሸት ነው ብሎ ጻፈ። ውሸት አይደለም። የእኔ ስም የተጠቀሰው፣ ወዲያው እርምጃ ወሰደች በሚለው ላይ ነው። የሺን ከዝርዝሩ ስለሰረዝኳት ማለት ነው። የሺ ቤቷን ዘግታ ወደ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሄደች፤ ቅመም ትሸጣለች ሲሉ ሰማሁ። በጥፋቱ የእሷም ድርሻ አለበት። የእኔ ድርሻ ግን እስከ ዛሬ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ኛኮንግን ፈለግኳት። ማንም አያውቅም። በበጋው፣ በ2005 ዓ.ም.፣ አንድ ግንበኛ ከጉደሌም ወዲያ፣ መንገዱ ካለቀ በኋላ፣ አማርኛ የምትናገር ሴት ኪስራ ትጋግራለች፣ ፍርፍርም ትሠራለች አለኝ። ኪስራ እንደ ወረቀት የሳሳ የማሽላ እንጀራቸው ነው። በጓሮ ገባሁ። ሁለት በርሜል አለ፤ ሁለቱም ክዳን አላቸው። ከበርሜሎቹ ጎን በከሰል ቀን ተጽፏል። ውኃው የተገለበጠበት ቀን ነው፤ አሮጌው በጨርቅ ተጠርጎ አዲሱ ተጽፎበታል። ይህን ያህል ዘመን ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር በማንም ቤት አላየሁም።

ኛኮንግ ከምድጃው ቀና አለች። «አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ያን ቀን ስለ ውኃ ነበር የነገርሽኝ» አልኳት።

«ታዲያ ስለ ምን መሰለሽ?»

ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ በእርግጥም የሚያስቅ ነው። ከዚያ ሰው ታመመ ወይ አለች። አንድ ሰው ሞተ አልኳት። የቱ አለች። ሲጸልይ የሚቆየው አልኩ። በእጇ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች።

«ሳህኑን የሚያመጣልኝ?»

«አዎ።»

ከሥራ ያስወጣኋት እኔ መሆኔንም ነገርኳት። አውቃለሁ አለች፤ የሺ ነግራታለች። ከዚያ ተነስታ ብርጭቆ አጥባ ውኃ ቀዳችና ፊቴ አስቀመጠች። አልጠየቅኳትም ነበር። ስለ ዝናብ ወይም ስለ ልጆች ማውራት አልቻልኩም፤ ሁለታችንም ብርጭቆውን አየነው። ታቹ ጠራ። ክሎሪን ይሸታል። ጠጣሁት።

በማግስቱ ስሟን ዝርዝሩ ላይ ጻፍኩ። ሠራተኞቹ ራቀን ብለው አጉረመረሙ፤ ቆይተው ግን በየቀኑ ይሄዱ ጀመር። ከዚያ ቤት የታመመ የለም።

በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ተኩስ ተጀመረ። ጉደሌ ውስጥ ምን እንደሆነ ሌሎች ጽፈውታል፤ እኔ ያየሁት የግቢያችንን ግንብ ብቻ ነው። ኑዌሮች እየተፈለጉ ነው፣ ከየቤታቸው እየሸሹ ነው ተባለ። ለኛኮንግ ደወልኩ፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። በማግስቱ መጥራቱንም ተወ። እኛን በመኪና አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዱን። ከዚያ የመጡ ሰዎችን ሁሉ ጠይቄአለሁ። አንዱ መጠለያ ገብታለች ይላል፤ ሌላው ጋምቤላ ታይታለች ይላል። አየኋት ያለኝ ግን የለም።

በር ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ስወጣ ነቅዬ ይዤው መጥቻለሁ። አደም፣ ማማ ግሬስ፣ ኛኮንግ ይላል። የሺ ተሰርዛለች።

ሔለን፣ እነዚህ ቤቶች ዛሬ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። የት እንደሚበላ ልነግርሽ አልችልም። በጓሮ በኩል ግቢ። መጀመሪያ ውኃ ጠይቂ። የምታጥበዋ ሴት አንቺ ብትልሽ አትቆጪ፤ የምትልሽን አስጨርሻት። መንገዱ ካለቀ በኋላ በርሜሉ ላይ በከሰል ቀን የጻፈች ሴት ካገኘሽ ስሟን ጠይቂልኝ። እዚያ ብዪ።